ዡ ያን ቀን የተናገረው

ሞቷል አለኝ የእህቴ ባል ልዑል በስልክ፣ ባለፈው ዓመት በልብ ድካም ሞቷል፣ ድሮ አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ቻይና አግኝቼ ጠየቅኩልሽ አለ፣ ድምፁ ላይ ሐዘን ነገር ነበረበት፣ ያዘነው ለሟቹ ይሁን ለእኔ አላውቅም፣ እኔ የሺያን ባቡር ጣቢያ ወረፋ ውስጥ ፓስፖርቴን ይዤ ቆሜ ነበር፣ ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴት ወዴት ነሽ ስትለኝ አፌ በራሱ ጊዜ ቼንግዱ አለ። ይኸው አሁን ባቡሩ ላይ ነኝ፣ ቀርፋፋው ባቡር፣ ጠንካራው ወንበር፣ እኩለ ቀን ነው፣ ውጭው ተራራ ነው ከዚያ ዋሻ ነው ከዚያ ደግሞ ተራራ ነው፣ ፊት ለፊቴ ያሉት ባልና ሚስት የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ ምራታቸውን ያማሉ፣ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የሞተ ሰው አገር ምን ልሠራ ነው የምሄደው። መቃብሩን ለማየት እንደሆነስ። መቃብሩ ላይ ቆሜ እነግረዋለሁ፣ ሦስት ዓመት ያጠናሁትን ዓረፍተ ነገር እዚያው ድንጋዩ ላይ እነግረዋለሁ። ግን ሳይሰማኝ መሞቱ ነው አንጀቴን የሚያሳርረው፣ አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ልጆቹ ዙሪያውን ከበውት፣ ሾርባ እያጠጡት ይሆናል የሞተው፣ የወንድሜን ቀኝ እጅ ረስቶት ይሆናል፣ እንዲያውም አንድም ቀን አስታውሶት አያውቅ ይሆናል።

ሰውየው ዡ ዴኳን ይባላል። ሞጆ ዳር በነበረው የፕላስቲክ ሳፋ ፋብሪካ የማሽን ኃላፊ ነበር፣ ሁሉም ዡ ሺፉ ይለዋል፣ ባለሙያው ዡ እንደማለት። ወንድሜ ወንድይራድ እሱ ሥር ነበር የሚሠራው። ወንዴ ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፣ የሰፈሩ ቡድን በረኛ ነው፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ማሽኑ ቀኝ እጁን ጨፈለቀው፣ ከአውራ ጣቱ በቀር የተረፈ ጣት የለም። በሳምንቱ ቢሮ ጠሩን። በአንድ በኩል እማዬ፣ እኔ፣ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ የታሰረው ወንዴ፣ በሌላ በኩል ሥራ አስኪያጁና ዡ፣ መሀል ላይ አስተርጓሚው ልዑልሰገድ። ዡ ተናገረ። ብዙ ነው የተናገረው፣ ፊቱ ቀልቷል፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ ይመታል፣ ጣቱን ወንዴ ላይ ይቀስራል፣ ወደ እማዬ ዞሮ ይጮኻል። ልዑል መሬት መሬት እያየ ሰማው። ሲጨርስ እንዲህ አለን፦

«ማሽኑ ላይ ተኝተህ ነው ይልሃል። ሳስተምረው አይሰማኝም ነበር ይላል። ጥፋቱ የእኔ ነው ብለህ ካልፈረምክም፣ እንዳንተ ዓይነቱ ሃምሳ ሰው በር ላይ ቆሟል ይላል።»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ወደኛ ገፋ አደረገው። ወንዴ ዞሮ አየኝ። እኔ ነኝ ከቤታችን ኮሌጅ የገባሁት፣ እኔ ነኝ ወረቀት የምመረምረው። ፈርምና እንውጣ አልኩት። የዚያን ሰውዬ ቀይ ፊት ማየት አስጠላኝ፣ ፈርምና እንውጣ አልኩት፣ በግራ እጁ ፈረመ፣ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት የያዝኩለት እኔ ነኝ። ጣቴን አሁን አየዋለሁ፣ ይኼ ጣት ነው የያዘው፣ የባቡሩን መስኮት እየነካሁበት ያለሁት ይኼ ጣት።

ከዚያ በኋላ ወንዴ ሰው አልሆነም። ፑል ቤት እንቅልፉ መጣ ይሉታል፣ እየሳቁ ነው የሚሉት፣ ጓደኞቹ ናቸው፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ሻይ ከእጁ ሲያመልጠው እማዬ ድሮም አንተ ትላለች፣ ቀጥላ ምን ልትል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ፈረቃ ተከታትሎ ሠርቶ ነበር ያን ቀን። «ተኝቼ ነበር ይሆናል እኮ ስሜ» ይለኛል በቤት መጠሪያዬ፣ «እንዴት እንደሆነ እኔ ራሴ ምኑም ትዝ አይለኝም።» ይኼን በሰማሁ ቁጥር የዡ ፊት ይመጣብኛል። ልዑል ግን ደግ ሆነልን። ብርቱካን ይዞ ሊጠይቅ መጣ፣ በሳምንቱ ደግሞ መጣ፣ ወንዴን ሐኪም ቤት ወሰደው፣ የእማዬን ጣሪያ አስጠገነ፣ ዓመት ሳይሞላ እህቴን ምንታምርን አገባት። ለቻይንኛ ትምህርት ዕድል ልወዳደር ነው ስለው ብቻ ፊቱ ልክ አልነበረም። «ምን ያደርግልሻል ስሜ፣ ነርስነት ተማሪ፣ ይኼ ቋንቋ ሰው ያሳብዳል፣ እኔን አታዪኝም» አለ። ለእኔ አስቦ ነው ብዬ ነበር። እንዴት ያለ አማች አገኘን ብዬ ነበር።

ዕድሉ ደረሰኝ፣ ቻይና፣ ቲያንጂን ከተማ፣ ሦስት ዓመት። ክፍሌ ውስጥ ያሉት ሁሉ ምክንያት አላቸው፣ ታጂኩ ለንግድ ነው፣ ቬትናሟ ለፍቅር ነው፣ እኔ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተማርኩት። እንዳንተ ዓይነቱ ሃምሳ ሰው በር ላይ ቆሟል። ድምፁ የት እንደሚወጣ የት እንደሚወርድ ሻወር ቤት ውስጥ ሳይቀር ተለማመድኩት። አንድ ጊዜ ድርሰት ላይ ጻፍኩትና አስተማሪዬ ሉዋን በቀይ አስምራበት ጠራችኝ። «ሰዋስውሽ ልክ ነው» አለች። «ግን ይኼን ለሽማግሌ ነው የምትይው፣ ለሽማግሌ ደግሞ እርስዎ ነው የሚባለው።» አውቃለሁ አልኳት። «ታዲያ?» አለችኝ። አንተ ነው የምለው አልኳት። መነጽሯን አውልቃ ረዘም አድርጋ አየችኝና ወረቀቱን መለሰችልኝ።

የበጋው ዕረፍት ሲመጣ ቦርሳዬን አዘልኩና ወጣሁ፣ ብቻዬን። መጀመሪያ ዠንግዡ፣ የፋብሪካው ምግብ አብሳይ የነበረው ላው ገንግ አሁን እዚያ ኑድል ቤት ከፍቷል መባሉን ሰምቼ። ሦስት ሆቴል የውጭ ዜጋ አንቀበልም ብሎ መለሰኝ፣ አራተኛው ላይ ያለችው ልጅ የፓስፖርቴን ስም ኮምፒውተሩ ውስጥ ለማስገባት አርባ ደቂቃ ፈጀች፣ የእኔ ስም፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም፣ የትኛው ነው የቤተሰብሽ ትለኛለች፣ ሁሉም አልኳት። ላው ገንግ እንዳየኝ ሳቀ፣ ሞጆ፣ ሞጆ አለ፣ ሊጥ በያዘ እጁ ትከሻዬን መታኝ፣ አንድ ትልቅ ሳህን ኑድል አስቀመጠልኝ።

«ዡ ሺፉ?» አለ። «ሺያን፣ ሞልድ፣ የፕላስቲክ ዕቃ ቅርጽ ማውጫ የሚሠሩበት ቤት ገብቶ ነበር። ምን ፈልገሽው ነው?»

«ሰላም ልለው።»

«ለሰላምታ ከቲያንጂን ድረስ?» አለና አሻቅቦ አየኝ። «ፊትሽ የሰላምታ ፊት አይደለም። ብይ፣ ይቀዘቅዛል።»

ከዠንግዡ ወደ ሺያን ስሄድ ነው ያቺ ሴትዮ አጠገቤ የተቀመጠችው። በእድሜ እማዬን ታህላለች፣ ፕለም ቆርጣ ሰጠችኝ፣ አነጋገሯ የገጠር ነው፣ ከምትለው ግማሹ ያመልጠኛል፣ ግን ሦስት ዓመት የተማረ ሰው አልገባኝም ማለት ያፍራል፣ እኔም ዱይ ዱይ እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ አዎ አዎ። ልጄ ሄደ አለችኝ። ጥሩ ነው አልኳት፣ ወዴት ሄደ አልኳት፣ ፈገግ ብዬ። ሴትዮዋ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ ፕለሙን በላስቲክ መጠቅለል ጀመረች። ሺያን ወርጄ ጣቢያው ደረጃ ላይ ነው ድንገት የገባኝ። እኛ አረፈ እንደምንለው እነሱ ሄደ ይላሉ። ወደ ኋላ ዞሬ በሰዉ መሀል ፈለግኳት፣ ያ ሁሉ ጥቁር ፀጉር፣ ያ ሁሉ ሻንጣ፣ የት አባቴ አገኛታለሁ። ልጇ ሞቶባት ጥሩ ነው ያለች ጥቁር ሴት ብላ እስክትሞት ታወራብኛለች። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ሺያን የሞልድ ሥራ ቤቱ ባለቤት፣ እጇ ሁሉ ግራሶ የሆነ ሴት፣ ዡ ጡረታ ወጥቷል አለችኝና ቼንግዱ ያለውን የሴት ልጁን ሱቅ አድራሻ ጻፈችልኝ። ደስ ብሎኝ ቤት ደወልኩ። ለእማዬ ስለ ፍለጋዬ አልነገርኳትም፣ አገር እያየሁ ነው ነው የምላት። ልዑል ግን ስልኩን ተቀብሏት በረንዳ ወጣ፣ የበሩ ሲጥታ ይሰማኛል። «ቼንግዱ? ምን አለሽ ቼንግዱ?» አለ። ነገርኩት። ለእሱ ብቻ ነው የነገርኩት፣ ያን ቀን ከኛ ጋር ስለነበረ የሚገባው መስሎኝ፣ ዡን ላገኘው ነው፣ በቋንቋው ላዋርደው ነው አልኩት። ተይው ስሜ አለ፣ ያለፈ ነገር ነው አለ፣ ወንዴም እየረሳው ነው አለ። በማግስቱ ራሱ ደወለና ሞቷል አለኝ።

ቼንግዱ ማለዳ ነው፣ ዝናብ ያካፋል። የዡ ልጅ ዡ ሚን ትባላለች፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ባትሪ ትሸጣለች፣ ሱቋ ጠባብ ነው፣ እርጎ በገለባ እየጠጣች ነው ያገኘኋት። ቃሉን መርጬ ገባሁ፣ በዚያች ሴትዮ የተማርኩትን ቃል። አባትሽ ሄዱ ሲሉኝ ሰምቼ ነው አልኳት።

«አዎ ሄዷል» አለች። «ካቻምና ነው የሄደው። የኔ ምግብ አልስማማ ብሎት ዪቢን ከተማ ገባ።»

የባትሪ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። በሕይወት አሉ አልኳት። «ከኔና ካንቺ ይሻላል» አለች፣ ቀና ብላ ደህና አድርጋ አየችኝ። «ከየት ነሽ አንቺ?» ከኢትዮጵያ አልኳት። እርጎዋን አስቀምጣ አድራሻውን ጻፈችልኝ። «ከሄድሽ ስለ ኢትዮጵያ ፋብሪካ አታንሺበት። ይናደዳል፣ ደም ግፊት አለበት።»

እሱ ይናደዳል። እሱ። የዪቢን ባቡር ውስጥ ይኼን ቃል እያላመጥኩ ነው የሄድኩት፣ እሱ ይናደዳል፣ ደም ግፊት አለበት፣ እንዲነሳበት ነው የምመጣው፣ ደሙ እስከ ጣራ እንዲወጣ ነው። ልዑልን አላሰብኩትም ማለት አልችልም። ምናልባት እሱም ሄደ የሚለውን ቃል ሰምቶ ሞተ መስሎት ነው፣ እኔም ተሳስቼበት የለ፣ በሰው ላይ አትፍረጂ አልኩ ለራሴ። በልብ ድካም ያለው ግን ከየት መጣ። ሄደ ከሚለው ቃል ውስጥ የልብ ድካም ከየት ይወጣል።

ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ የድሮ ሠራተኞች ግቢ፣ ደረጃው ላይ የደረቀ ቃሪያ ተሰጥቷል፣ ከቀትር በኋላ ነው፣ ሙቀቱ ይጨፈልቃል። አንኳኳሁ። በሩን የከፈተው እሱ ነው፣ አጥሯል፣ ፀጉሩ የለም፣ በመነጽርና በነጭ ካናቴራ ነው፣ ያ ቀይ ፊት ግን ራሱ ነው። ወደ እግሬ አየና ልጅሽን አውልቂ አለኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። ምን አልክ አልኩት። «ልጅሽን፣ ልጅሽን አውልቂ» አለ ጮክ ብሎ፣ ነጠላ ጫማ በእግሩ ገፋ አደረገልኝ፣ ያኔ ነው የገባኝ፣ እዚህ አገር ጫማ የሚሉት እኔ ልጅ ብዬ የተማርኩትን ቃል ነው። ጫማዬን አወለቅኩ። ለሦስት ዓመት በሐሳቤ ስገባበት የኖርኩት በር ነው፣ በካልሲ ገባሁ።

ጠረጴዛው ላይ የሚፈለፈል አረንጓዴ አኩሪ አተር አለ። ጆሮዬ በማሽን ደክሟል፣ ጮክ በይ አለኝ። ጥሩ፣ ጮክ እላለሁ። የወንድይራድ እህት ነኝ አልኩት፣ እጁን ማሽን የበላው ልጅ፣ የሞጆው። አተር የያዘው እጁ ቆመ። ቆሜ ነው የነገርኩት፣ አንተ ብዬ፣ አንድም ድምፅ ሳልስት፣ እንዳንተ ዓይነቱ ሃምሳ ሰው በር ላይ ቆሟል፣ ሂድ፣ ሞተህ ጠብቅ፣ ማንም አይፈልግህም አልኩት። የመጨረሻው እዚያው ነው የተጨመረው፣ አላጠናሁትም ነበር።

ሽማግሌው አልተናደደም። ግንባሩን ቋጠረ። «ይኼን ማነው ያለው?» አለ።

«አንተ።»

«እኔ? ለማን?»

«ለወንድሜ። ቢሮ ውስጥ። በእናቱ ፊት።»

ያኔ ተነሣ። ያ የቢሮው ዡ ተመለሰ፣ ፊቱ ቀላ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፣ አተሩ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ መናገር ጀመረ፣ እንደዚያን ቀን ብዙ ተናገረ፣ እኔም እንደዚያን ቀን ምንም አልገባኝም። ሦስት ዓመት ተምሬ፣ ፈተናውን ሁሉ አልፌ፣ ከአሥሩ ቃል ሦስቱን ነው የያዝኩት፣ ማሽን፣ ሽቦ፣ ፈረማችሁ። የሚናገረው የዚህን ወንዝ ዳር ቻይንኛ ነው። ቀስ ይበሉ አልኩት፣ ሳላስበው አንቱ አልኩት። ቀስ ማለት አልቻለም። እስክሪብቶ አነሣ፣ በፋርማሲ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈልኝ፣ ጽሕፈቱ እንደ አስተማሪ ጽሕፈት የጠራ ነው። ወረቀት ላይ ቀበልኛ የለም፣ ሁሉንም አነበብኩት።

የማሽኑ በር ሳይዘጋ እንዳይሠራ የሚያቆመው ስዊች በሽቦ ታስሮ ነበር። እንዲታሰር ያዘዘው ሥራ አስኪያጁ ነው፣ ሥራ እንዲፈጥንለት። ያ ልጅ ያን ጠዋት ሁለቴ እጄን ይዞ ወስዶ አሳይቶኛል። ሁለተኛው ላይ ቢሮ ገብቼ ተጣላሁ፣ ስወጣ ነው የሆነው። ያን ቀን ለእናንተ የተናገርኩት ይኼን ነው። አትፈርሙ አልኩ። ከፈረማችሁ ስለ ማሽኑ የሚጠይቅ አይኖርም፣ እኔ እመሰክራለሁ አልኩ።

እስክሪብቶውን ጣለና ቀጥ ብሎ አየኝ፣ የሚቀጥለውን ቀስ ብሎ በአፉ ነው የተናገረው፣ እንዲገባኝ አድርጎ። «እናንተ ግን ፈረማችሁ። አትፈርሙ ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮኼ፣ ፊቴ ላይ ፈረማችሁ። አንቺ ነሽ ወረቀቱን የያዝሽለት፣ አውቄሻለሁ። በማግስቱ አባረሩኝ። አራት ዓመት ሙሉ እነዚያን ሰዎች ምን አድርጌያቸው ነው እያልኩ ነው የኖርኩት።»

ወለሉ ላይ ተንበርክኬ አተር መልቀም ጀመርኩ። ሌላ የምሠራው ነገር አልመጣልኝም። እያንዳንዷን ፍሬ እያነሣሁ ልዑልን አየዋለሁ፣ መሬት መሬት ሲያይ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ይሆን ሃያ ሦስት፣ ቋንቋውን ስምንት ወር ነበር የተማረው፣ ይኼ ሽማግሌ በዚህ የወንዝ ዳር አነጋገሩ ሲጮህበት ምን ገብቶት ይሆን። ማሽን። መፈረም። ከዚያ በላይ አልገባውም። ላብ አጥምቆት፣ አለቃው እያየው፣ እኛ አፉን እያየን። ባቡር ላይ ራሴን ስነቀንቅ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እሺ፣ እስከዚህ ይግባኝ። ግን ዝም ማለት ይችል ነበር። ባዶውን ቦታ የሚሞላበት ቃል ሲፈልግ ለምን ያን መረጠ፣ ተኝተህ ነው የሚለውን ማን አቀበለው፣ ሃምሳ ሰው በር ላይ የሚለውን ከየት አመጣው፣ ቻይና ነው፣ እንዲህ ቢል ያምናሉ ብሎ ነው፣ አመንን ደግሞ። ከዚያ ብርቱካን ይዞ መጣ። ከዚያ በየእሑዱ ከወንዴ ጋር አንድ ትሪ ላይ እየበላ፣ ወንዴ ተኝቼ ነበር ይሆናል ሲል እየሰማ፣ አራት ዓመት ዋጠው። አሁን ሽማግሌውን በአፉ ገደለው። ንዴቴ ከዡ ላይ ተነሥቶ አልጠፋም፣ ቦታ ብቻ ቀየረ፣ እንዲያውም ቀለለኝ፣ ለካ ቅርብ ሰው ላይ ሲሆን ይሞቃል።

«ዡ ሺፉ» አልኩት ከወለሉ ላይ ሆኜ። «ያን ቀን ያሉትን አሁን ይድገሙልኝ። እኔ ነኝ የማስተረጉመው።»

እሑድ ነው። እዚህ ሊመሽ ነው፣ እዚያ ምሳ ሰዓት ነው፣ ሁሉም እማዬ ቤት ናቸው፣ ይኼን አውቄ ነው በቪዲዮ የደወልኩት። ምንታምር አነሣች።

«ስሜ፣ በልተሽ ነው?»

«ሁላችሁም አላችሁ?»

«አለን፣ ልዑልም አለ፣ ወንዴም አለ፣ እማዬ እጇን እየታጠበች ነው።»

«ላውድ አድርጊውና ጠረጴዛው ላይ አስደግፈሽ አቁሚው። አንድ ሰው ሊያናግራችሁ ነው።»

ስልኬን የአተሩ ሳህን ላይ አስደግፌ ዡ ፊት አደረግኩት፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምንታምር ትሆን እማዬ፣ ማነው ይኼ ቻይና አለች አንዷ፣ ከዚያ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፣ ወንዴ አውቆታል። ዡ ጀመረ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ያቆማል፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ያልገባኝ ሲኖር እንደገና እጠይቀዋለሁ፣ ይጽፍልኛል፣ አነበዋለሁ፣ ጊዜ ወሰደ፣ ማንም ስልኩን አልዘጋም። ስዊቹ በሽቦ ታስሮ ነበር ይላል። ሁለቴ እጄን ይዘህ አሳይተኸኛል ይላል። አትፈርሙ ነበር ያልኩት ይላል። እኔ እመሰክራለሁ ነበር ያልኩት ይላል።

«ጠይቂልኝ» አለ ወንዴ። ድምፁ እንደ ልጅነቱ ቀጥኗል። «ተኝቼ አልነበረም ወይ በይልኝ።»

ጠየቅኩለት። ዡ ወደ ስልኩ ተጠጋ፣ የመነጽሩ መስታወት ላይ የወንዴ ፊት ትንሽ ሆኖ ይታየኛል። «ከቢሮ ስወጣ አይቼሃለሁ» አለ። «ዓይንህ ተከፍቶ ነበር። ሳፋውን ልታወጣ እጅህን ስትዘረጋ ነው ማሽኑ የተዘጋው። ልጮህልህ አፌን ስከፍት አለቀ። እኔ ነኝ የዘገየሁት፣ አንተ አልተኛህም።»

አልተኛህም ይልሃል አልኩት። ሁለቴ ነው ያልኩት፣ ይኼ ብቻ ነው የተደገመ ቃል። እማዬ ማልቀስ ጀመረች፣ ልጄን፣ ልጄን እያለች፣ አራት ዓመት ልጄን ምን ስለው ኖርኩ እያለች። ዡ ምን ሆነች አለኝ፣ ነገርኩት። አንገቱን አቀረቀረ።

«ልዑል፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«የተረጎምኩት ልክ ነው? ያጎደልኩት ካለ አርመኝ።»

እዚያ ማንኪያ ወድቆ ይጮኻል። ምንታምር ልዑል አለችው፣ ቀስ ብላ። መልስላት አለችው።

«ስሜ…» አለ። «ያኔ ስምንት ወር ነው የተማርኩት። ሰውየው የሚናገረው የገጠር ቋንቋ ነው፣ እንዴት እንደሚናገር አሁን አይተሽዋል። አለቃው እያየኝ ነበር። አልገባኝም ካልኩ ያባርሩኛል።»

«ተኝተህ ነው የሚለውን ከየት አመጣኸው?»

«ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባው በፊት እንደዚያ ብሎኝ ነበር። እሱን የሚደግም ነው የመሰለኝ።»

«ሃምሳ ሰው የሚለውስ?»

ይኼኛው ላይ ዓይኑን እንደዚያን ቀን ወደ መሬት ጣለ። አላዘንኩለትም፣ ላዝንለት ሞክሬ ነበር፣ የእህቴ ባል ነው፣ ጣሪያ ያስጠገነልን ነው፣ ግን የወንዴን ሳቅ አሰብኩ፣ ፑል ቤት ከሚያላግጡበት ጋር አብሮ የሚስቀውን ሳቅ።

«ሞቷል ያለህስ ማነው ልዑል? ስሙን ንገረኝ፣ ያ የጠየቅከው ቻይና።»

«ለእማዬ ብዬ ነው፣ ቤቱ እንዳይ…» አለ፣ አልጨረሰውም። ምንታምር ስትነሣ ተሰማኝ፣ የእግሯን ኮቴ አውቀዋለሁ፣ የጓዳው በር ተዘጋ። ከዚያ ወንዴ ነው የተናገረው፣ አልጮኸም። «በየእሑዱ ጎርሰህልኛል» አለው። «በዚህ እጅህ አጉርሰኸኛል።»

ልዑል ስልኩን ወደ ራሱ ሳይስበው አልቀረም፣ ፊቱ የስልኩን መስታወት ሞላው፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ወደ ዡ አየና በቻይንኛ ተናገረ። ከስንት ዓመት በኋላ የተናገረው ቻይንኛ ነው፣ ዝጓል፣ ድምፁ ሁሉ ያለቦታው ወድቋል፣ ከለቅሶ ጋር ተቀላቅሏል። ይቅርታ ነው የሚለው። አጠፋሁ፣ ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው፣ እባክዎ ይቅር ይበሉኝ፣ እነሱም ይቅር እንዲሉኝ ይንገሩልኝ ነው የሚለው። እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል።

ዡ ሺፉ ደካማ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠጋ፣ አልያዘለትም፣ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አለ?» አለኝ።

የእማዬ ለቅሶ ይሰማኛል፣ ወንዝ ላይ ያለ መርከብ ሲጮህ ይሰማኛል፣ ልዑል በስልኩ ውስጥ አፌን እያየ ነው።

«እንጃ» አልኩት፣ በጥሩ ቻይንኛ። «አልገባኝም።»